ያልሰነዘርኩት እርግጫ

የጸጥታ ኃይሎች የያዙኝ ቡሬ መናኸሪያ፣ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ፍኖተ ሰላም፣ በቀበሌው አዳራሽ ሲሚንቶ ላይ የጀመርኩት ቴኳንዶ ለብሔራዊ ቡድን አብቅቶኝ፣ ከዚያ በአምስተኛው ቀን ለውድድር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ልወጣ ነበር። ጥፋቴ በየማለዳው ቡሬ ሜዳ ላይ ልጆች ማሰልጠኔ ነው። «ለማን ነው የምታሰለጥናቸው?» አሉኝ። ለራሳቸው ብል ማን ይሰማኛል።

እኔንና ሌሎች እስረኞችን ያስገቡን የእህል መጋዘን ነው። የበቆሎ አቧራና የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። አጠገቤ የተኙት ከደምበጫ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ምግብ ሲመጣልን ባርከው ያካፍሉኛል።

በሦስተኛው ቀን የጥበቃው ኃላፊ ስልኬን ይዞ ገባ። የውድድር ቪዲዮዬን አይቷል።

«እውነት ስፖርተኛ ከሆንክ የቄሱን ጥምጣም ራሳቸውን ሳትነካ በእግርህ ጣልልኝ። ከጣልካት ዛሬውኑ ትወጣለህ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ አመንኩት። ሥራውም ቀላል ነው። ከጓደኛ ራስ ላይ ኮፍያ በእርግጫ ማውረድ ልጅ ሆነን ለተመልካች የምናሳየው ትርዒት ነበር። ቄሱ ተነስተው መሃል ቆሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ርቀቱን ለካሁ።

እግሬ እምቢ አለኝ። የቄስ መስቀል ስሳለም አድጌ፣ በቄስ ራስ ላይ እንዴት ላንሳው? እጄን ከጎኔ ሰብስቤ፣ ለተጋጣሚ እንደሚደረገው ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳኋቸው። ከዚያ ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እኛ ጊዜ አለን» አለ ኃላፊው፤ ቆልፎብን ወጣ።

ምርቃት ጠብቄ ነበር። ቄሱ ግን ተቆጡኝ።

«ምን ነበር ብትመታት ልጄ? ጨርቅ እኮ ናት። እግዜርም አይቀየምህ፣ እኔም አልቀየምህ።»

«አልቻልኩም፣ አባ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ።

ቡድኑ ያለእኔ ሄደ። በሰባተኛው ወር ስፈታ ከቅዝቃዜውና ከመቀመጥ ብዛት ጉልበቴ አይታጠፍም፤ ቦታዬንም ሌላ ልጅ ይዞታል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልከፋበትም። ቄሱ ግን እዚያው መጋዘን ውስጥ አረፉ።

ይህን የሰሙ ሰዎች «ኮራንብህ» ይሉኛል። እኔ አልኮራሁም። ኃላፊው ቃሉን ይጠብቅ እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ ሜዳው ዳር ተቀምጬ የሌሎችን ልጆች ስልጠና ባየሁ ቁጥር ግን ይጠብቅ ነበር እላለሁ። ያ ቀን ቢመለስም እግሬን የማነሳ አይመስለኝም። ከሁሉ የሚያስለቅሰኝ ይኸው ነው።