የሸምሳ ፊት

ነገሌ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው ዘቢባ፣ በኦሮምኛ «አካም፣ ናጋ?» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ሱቋ ደጃፍ የቆመችውን ወጣት ስሟን ሳትነግራት አወቀቻት። ኢሕሳን ናት፤ ሻኪሶ የሞተችው የጓደኛዋ የሸምሳ ልጅ።

«እትዬ ዘቢባ፣ የእናቴ ፎቶ እርስዎ ጋ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው። መልኳን አላውቀውም።»

ዘቢባ ከሳጥኗ ሥር በፌስታል የጠቀለለችውን አውጥታ ሰጠቻት። ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከኋላቸው የፎቶ ቤቱ የተሳለ ፏፏቴ። ዘቢባ ካሜራውን ፈርታ ደርቃለች። ሸምሳ ግን ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ፣ አፏን ከፈት አድርጋለች።

«ምን እያለች ነው?»

«ፎቶ አንሺውን ‹አንሳን እንጂ፣ እስክናረጅ ልትጠብቅ ነው?› እያለችው ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። ዘቢባ ዓይኗን ወደ ጨርቆቹ መለሰች። ሸምሳ ሳታረጅ ነው የሄደችው።

ሸምሳ ደራሲ ነበረች፤ ዛሬ ግን ከተማው በዚህ አያውቃትም። ተማሪ ሳለች በሚዛን ስለሚያጭበረብር ነጋዴ የጻፈችው ታሪክ በሬዲዮ ተነበበላት። በማግስቱ አንድ የሰፈሩ ነጋዴ «እኔን ነው ያዋረደችው» ብሎ አባቷን ከሰሰ። አባቷም «ሁለተኛ ብትጽፊ ልጄ አይደለሽም» አሏት። ዓመት ሳይሞላ ለሻኪሶ ባለሱቅ ዳሯት። እዚያም መጻፉን አልተወችም። ዘቢባ ልትጠይቃት በሄደች ቁጥር ጓዳ አስገብታ በሹክሹክታ ታነብላት ነበር።

ኢሕሳንን ስትወልድ ደም ፈሷት ሞተች። ዘቢባ ለቅሶ ደርሳ ሻይ ስታፈላ፣ ከባልየው ሱቅ ስኳር መጣ። ስኳሩ የተጠቀለለበት ወረቀት ግማሹ ርሶ አይነበብም፤ የእጅ ጽሕፈቱ ግን የሸምሳ ነው። ሮጣ ሱቁ ገባች። ለመጠቅለያ ከዋለው የሸምሳ ወረቀት ክምር የተረፈ አልነበረም።

«ወረቀት አይደል፣ ልጄ? ምን አጠፋሁ?» አሏት የሸምሳ አማት፣ እማማ ፉዚያ። ማንበብ አይችሉም። እንቅልፍ ባጣ ፊታቸው እያዩዋት፣ የምታለቅሰውን አራስ ደረታቸው ላይ ያባብላሉ። ዘቢባ ልትጮህ የከፈተችውን አፏን ዘጋች። ኢሕሳንን ያሳደጓት እኚሁ ሴት ናቸው።

«ትጽፍ ነበር ይላሉ፤ አያቴ ግን ምንም አልነገሩኝም» አለች ኢሕሳን። «አንድም የተረፈ የለም?»

«የለም፣ ልጄ።»

«እንዴት ጠፋ?»

«ዕቃ ከቤት ቤት ሲዘዋወር ይጠፋል» አለች ዘቢባ። ዋሸች፤ አልቆጫትም። «ይልቅ ተቀመጪ፤ ያነበበችልኝን አንዱን ልንገርሽ።»

ታሪኩ ዱብሉቅ ወዳለው ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ወርዳ የገዛ ስሟን ስለምትጠራ ሙሽራ ነበር። ዘቢባ እንደ ሸምሳ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያቀላቀለች፣ ገበያተኛውን «ቆይተህ ተመለስ» እያለች ተረከች። መሃል ላይ አቆመች።

«ከዚያስ? ሙሽራዋ ምን ሆነች?»

ዘቢባ ብዙ አሰበች። ታሪኩን ለማንም ነግራ ስለማታውቅ፣ መጨረሻውን መርሳቷንም እስከዛሬ አላወቀችም ነበር።

«ከእጄ ወጣ፣ ልጄ» አለች፤ እንባዋም መጣ።