ያልሰጠኋት ማኑዋል

ሰሞኑን ልጄ ኮምፒውተር ልትገጣጥም ተነሥታለች። ባለፈው እራት ላይ ስልኳን ከሽሮው አጠገብ አቁማ፣ «እማዬ፣ ይሄ ፕሮሰሰር ምርጥ ነው፤ በቃ ይሄን ነው የምገዛው» አለችኝ። እኔም ሳላስበው፣ «ማዘርቦርድሽ ይቀበለዋል ወይ? መግባቱን ብቻ አትዪ፤ ዝርዝሩን እዪ» አልኳት። ጉርሻዋን እንደያዘች አፍጥጣ አየችኝ።

«አንቺ ደግሞ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ድሮ ቢሮ ስሠራ ነው» ብዬ ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩት። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ዛሬ ቤቱም ግቢውም የለም፤ ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ከቂርቆስ በእስጢፋኖስ በኩል በእግሬ ነበር የምመላለሰው። ክረምት ላይ ደህናውን ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ ጭቃውን በኮንጎ ጫማ ተሻግሬ፣ በር ላይ ስደርስ እቀይራለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ታይፕ መትቻለሁ። ባለቤቱ አቶ መኮንን የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ሲያስገቡ ካርቶኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። ወንበሩ ላይ ያስቀመጧት ግን ሂሩትን ነበር፤ ኮርስ ወስዳ የመጣችና ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ያለች የእኔ እኩያ። ዛሬም ቢሆን አላግባብ ነው እላለሁ።

ሂሩት ሳቂታ ነበረች፤ ሳቋ ግን ሰው ይመርጣል። አንድ ቀን ማውሱን ብነካ ደንበኛ ፊት፣ «ተዪው የኔ እናት፣ ይሄ እንደ ታይፕ አይደበደብም» አለችኝ። ደንበኛውም አብሯት ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለሰላምታ ካልሆነ አላነጋገርኳትም።

የሚያስተምረኝ ስላልነበረ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያገኘኋትን የማዘርቦርድ ማኑዋል መሳቢያዬ ውስጥ ከካርቦን ወረቀቱ ሥር ሸሽጌ፣ ምሳ ሰዓት ላይ በመዝገበ ቃላት አነባት ነበር። አብዛኛው አይገባኝም። አንድ ገጽ ግን ገብቶኛል፤ ቦርዱ የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ስም ዝርዝር ነው።

ነሐሴ ላይ የክረምት ተማሪዎች ጽሑፍ ተከመረና ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፍ ጀመር። ሂሩት ፕሮሰሰሩ ይቀየር አለች። አቶ መኮንን ሁለታችንንም ጠሩን።

«እርግጠኛ ነሽ? ይገጥማል?»

«ጋሼ፣ የሁለቱም እግር ሦስት መቶ ሰባ ነው፤ የቦርዱም ቀዳዳ እንደዚያው። ምን ያስጨንቅዎታል? ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

እውነቷን ነው፣ ቀዳዳው አንድ ነበር። ግን ቦርዳችን ቀደም ያለ ሞዴል ነው፤ የፈለገችው ፔንቲየም ስሪ በዝርዝሩ ላይ የለም። ያን ቀን ጠዋት ራሱ ገልጬ አይቼዋለሁ። አቶ መኮንን ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አስተያየቴን ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ። ታይፒስት ነኝ» አልኩ።

በማግስቱ ሂሩት አሮጌውን ለኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ በልዋጭ ሰጥታ አዲሱን ይዛ መጣች። ዝናቡ አባርቶ የበቆሎ ጥብስ ሽታ ከደጅ ይገባ ነበር። የቦርዱን ማንሻ አነሣች፣ ፕሮሰሰሩን በሁለት ጣቷ ይዛ አስቀመጠችው፤ ምንም ሳትጫነው ገባ።

«አያችሁ? ቁጭ አለ እኮ!»

ማብሪያውን ተጫነች። ፋኑ ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። አወጣችው፣ እፍ አለችበት፣ መለሰችው። ያው ጨለማ። ኮፒ ሊያስነሡ የተሰለፉት ሰዎች፣ «ኧረ ጸበል ይረጭበት!» እያሉ ይሳሳቁ ጀመር። ሂሩት ፊቷ ቀልቶ ወደ እኔ መጣች።

«የዚህ ቦርድ ማኑዋል ነበረ አይደል? አይተሽዋል?»

ያኔ ብሰጣት ስህተቷ ወዲያው ይገባት ነበር። በሩጫ ሱቁ ደርሳ አሮጌውን ታስመልስ ነበር። ጉልበቴ መሳቢያውን ተደግፏል።

«አላየሁም» አልኳት።

ኬብል ስትነቅልና ስትሰካ ሦስት ቀን አለፈ። በመጨረሻ ሱቁ ስትሄድ አሮጌው ለሌላ ሰው ተሽጧል። የጽሑፎቹ ማስረከቢያ ቀን ደረሰ፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ አንድ አስተማሪ እርጥብ ካፖርቱን እንደለበሰ በር ላይ ቆሞ ሲለማመጥ ትዝ ይለኛል። አቶ መኮንን ሂሩትን የሙከራ ጊዜዋ ሳያልቅ አሰናበቷት። በሽተኛ እናቷን የምትጦረው በዚያ ደመወዝ እንደሆነ አውቅ ነበር። ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝ። ወንበሩ ለእኔ ሆነ፤ አዲስ ቦርድ ሲገዛ ማኑዋሏን ቀዳድጄ ጣልኳት።

ለዓመታት ሂሩትን የጣላት ትዕቢቷ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ትዕቢተኛስ ነበረች፤ ይህን አላነሣላትም። ባለፈው ዓመት ግን ላንቻ ለቅሶ ሄጄ ድንኳን ውስጥ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። እጄን ይዛ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ጠራች።

«ይቺን ሰላም በሏት። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብኝ ያልሳቀችው እሷ ብቻ ናት።»

ልጆቹ ብድግ ብለው እጅ ነሡኝ። ከእጇ ንፍሮ ተቀብዬ በላሁ። አላረምኳትም። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ደግሞ ከድንኳኑ ደስ ብሎኝ መውጣቴ ነው። እስከ ታክሲው ድረስ፣ እሷ የተናገረችላትን ሴት ሆኜ ተራመድኩ።

ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኛለች። ብደውልላት፣ ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት የራሴን ቂም መዘርዘር እንደምጀምር ራሴን አውቀዋለሁ። ይህ ቂም እስኪለቀኝ ብዬ ስጠብቅ ዓመት አለፈ።