በዓሣ የለወጥኩት የአልማዝ ካሴት

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ጓደኛዬ ኡመድ ቤት ጎራ ብዬ፣ የሟች ባለቤቴን የአልማዝን የእጅ ጽሑፍ መደርደሪያው ላይ አየሁት።

ጋምቤላ ገና ክልል በተባለች ሰሞን፣ እኔም ኡመድም ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ጌም ነበረን። እኔ አንዱን የጌም ካሴት ተጫውቼ ስጠግብ በሌላ እለውጠዋለሁ። ኡመድ ይሰበስባል እንጂ አንድም አይለቅም። «ሙዚየም ልትከፍት ነው?» እያልኩ እስቅበት ነበር።

አልማዝ ነርስ ስለነበረች፣ በየካሴቱ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፋ «የአልማዝ ነው፤ ይመለስ» ትጽፍ ነበር። እኔ የምትወደውን የታንክ ጌም ከነጽሑፉ ለኡመድ በባሮ ዓሣ ለወጥኩት። (ዓሣው ለአንድ ምሳ እንኳ አልበቃም።)

አሁን እኔ ቤት የእጇ ጽሑፍ አንድም የለም። ከቤተ ክርስቲያን ከወጣሁ ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ፣ በሰው መደርደሪያ ቀናሁ።

«ኡመድ፣ የፈለግከውን ልስጥህና መልስልኝ» አልኩት።

«አይሆንም ወንድሜ። አልማዝ እኮ ያኔ በማግስቱ መጥታ ‹ለእሱ እንዳትመልስለት፣ እንደገና ይለውጠዋል› ብላኛለች። ነፍሷን ይማር።»

ይኼኛው ቅናት ከፊተኛው ባሰብኝ። ከእኔ ይልቅ እሱን አመነች። ደግሞ እውነቷን ነው።

እናንተስ፣ በገዛ እጃችሁ ሰጥታችሁ ሰው ቤት ስታዩት ያንገበገባችሁ ዕቃ አለ?

ኡመድ፣ ይህን ካነበብክ፣ ፕላስተሩን ፀሐይ እንዳያገኘው አደራ።