የአባቴ ኮሸሽላ እና የእድሩ ድንኳን

ባለፈው ሰሞን ዱባይ ተራ ውስጥ የምሠራበት ሱቅ አዲስ ካርቶን ገባ። የምንሸጠው የላስቲክ አበባ ነው፤ ለሰርግ አዳራሽ፣ ለሆቴል፣ ለሳሎን ጠረጴዛ። ካርቶኑን ቀድጄ ስከፍት ጽጌረዳ ጠብቄ ነበር፤ የወጣው ግን ኮሸሽላ ነው። ክብ ቀይ ራስ፣ ዙሪያውን እሾህ፣ የተቦጫጨቀ የሚመስል ቅጠል። ጨበጥኩት፤ አይወጋም። አንዲት ደንበኛ "ይሄ ደግሞ ምንድነው የኔ ቆንጆ፣ አናናስ ነው?" አለችኝ። ኮሸሽላ መሆኑን ስነግራት፣ ገጠር ከብት እንኳ የማይበላውን ነገር በብር ልትሸጡልን ነው ብላ ስቃ ሄደች። እውነቷን ነው። እኔን ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ አላሠራኝም።

ያደግኩት ከሶማሌ ተራ ጀርባ፣ የቀበሌ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ በተጣበቁበት ጊቢ ውስጥ ነው። አባቴ ተሸካሚ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጣቃ ጨርቅ፣ የሰው ስኳር ተሸክሞ ተሸክሞ ወገቡ ሲያልቅ ቤት ዋለ። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች፤ እሱና እኔ ብቻ ነበርን፤ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ሥራ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ያሳዝናል ይላሉ። ውሸት ነው፣ ያናድዳል። ድስት ሲከደን ያያል፣ ክዳኑን ያስተካክላል። ጫማዬን ያዞረዋል። በሩን ከፍቶ ይዘጋል። አንድ ቀን እባክህ አባዬ ውጣልኝ አልኩት፤ ወጣና ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለችውን ቁራሽ መሬት መቆፈር ጀመረ።

መጀመሪያ ጎመን ተከለ። ለበዓል ተገዝተው ጊቢው ውስጥ የታሰሩ በጎች በሉት። ቀጥሎ ጽጌረዳ ተከለ፤ ገና ሳይፈነዳ የጊቢው ልጆች ለሙሽራ መኪና ቆርጠው ወሰዱት። እሱ አልተቆጣም። ለመስቀል አገሩ ጉራጌ ወርዶ ሲመለስ ግን በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ሥር ይዞ መጣ። ከቆጮውና ከቅቤው በላይ ለሥሩ ነበር የተጠነቀቀው። ኮሸሽላ ነው፣ ከደጋው ላይ ያወጣሁት አለኝ። አጠገቡ እሬት፣ ቁልቋልና የክርስቶስ እሾህ ጨመረበት። ጊቢው ሁሉ ሳቀ። ግድግዳ የምትጋራን እትዬ አስካለ በተለይ አልለቀቀችውም።

"ጋሼ ወልዴ፣ ሰው እሾህ ይነቅላል እንጂ ይተክላል እንዴ?"

"መርካቶ ውስጥ ለስላሳ ነገር አይበረክትም፣ አስኩ" አላት።

እውነትም በረከተ። በግ አይቀምሰውም፣ ኳስ ቢያርፍበት ይተነፍሳል፣ ልጅ አይጠጋውም። ግን አበባ የለም። አንደኛው ዓመት ቅጠል ብቻ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። የተሰጣ ልብስ በነፋስ እየሄደ ይጠመድበትና እኔ ነበርኩ የምሰፋው። የትምህርት ቤት ሹራቤ ሁለቱም እጁ በዚያ ነው ያለቀው። ንቀለው ስለው፣ አበባውን ስላላየሽው ነው ይለኛል። አገሩ እያለ ከገደሉ ማዶ ሲፈነዳ እሳት የተያያዘ ይመስል እንደነበረ፣ ቅላቱ ከርቀት እንደሚጠራ ይነግረኛል። አንዴ ላሳይሽና ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊው። አዲስ አበባ ያመጣሁት ነገር ያው ጀርባዬ ነበር፣ እሱም አለቀ፤ ይሄን አንድ ነገር አሳይቼሽ ልሙት። እንዲህ ነበር የሚለኝ። እኔ ደግሞ እሺ አሳየኝና እንገላገል እል ነበር።

በሦስተኛው ክረምት ግንዱ ወደ ላይ ወጣ። ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ጊቢው የጭቃና የተፈጨ በርበሬ ሽታ ሲሸት፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ኳስ ተቋጠረ። አባቴ በርጩማውን አጠገቡ አድርጎ ይውል ጀመር። እኔም፣ አልዋሽም፣ ጠዋት ጠዋት ሳልጠየቅ አየው ነበር። ኳሱ ጎኑ ላይ ትንሽ ሲቀላ አባቴ ታመመ። ሳል ነበር፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ መተንፈስ አቃተው። ሆስፒታል አስተኙት፣ እኔም ትምህርቱን ትቼ አስታማሚ ሆንኩ። ልብስ ልለውጥ ቤት ደርሼ በተመለስኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ፈነዳ ወይ?

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩት። ሌላ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም፤ እቃውን ተሸክሜ አብሬው ሄድኩ። እትዬ አስካለ ለካ በዚያው ሰዓት ልትጠይቀው መጥታለች። የድሮው ክፍል ስትገባ አልጋው ባዶ ነው፣ ፍራሹ ተጠቅልሏል። ነርስ አልጠየቀችም። በኋላ ለምን አልጠየቅሽም ስላት፣ ብጠይቅና ቢነግሩኝስ ብዬ ፈርቼ አለችኝ። አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀጥ ብላ የእድሩ ዳኛ ጋሼ በድሩ ሱቅ ሄደች።

እኛ ጋ ሞት ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማል፣ ቀጥሎ እድር ይሰማል፣ ድንኳኑና ወንበሩ ይሰናዳል፤ የሟች ልጅ መጨረሻ ላይ፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ መርዶ ይነገራታል። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ክፍት ነበር፣ ቻርጅ ነበረው። ማንም አልደወለም። ደግሞስ ማን ደፍሮ ለልጅ ደውሎ አባትሽ ሞቷል ወይ ይላታል? ጊቢው በሙሉ እኔ የማላውቀውን ነገር ሲደብቀኝ ዋለ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ አጥሚቱን ይዞ ሲጠጣ ትቼው ወጣሁ። በታክሲ መጥቼ ጊቢው በር ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። የቆመው ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ባዶ በሆነች መሬት ላይ ነው። ኮሸሽላው፣ ቁልቋሉ፣ ሁሉም ተነቅሎ ጥግ ላይ ተቆልሏል። ጋሼ በድሩ አንገቱን ደፍቶ መጣና ትከሻዬን ያዘኝ።

"በርቺ ልጄ። የማይቀር ነው።"

ጮህኩ። አባቴን በዓይኔ አይቼው የመጣሁት አሁን ነው፤ ኩባያውን እንኳ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ግን ድንኳን ሲያይ የማያምን ማን አለ? ከወጣሁ በኋላ ሞተ ብዬ ጮህኩ፣ ሴቶቹም አብረውኝ ጮሁ። ጩኸቱ መሀል ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ሰኒ" አለ አባቴ፣ የጎኑን ታማሚ ስልክ ለምኖ ነው። "ሁለት የእድር ልጆች መጥተው በር ላይ ሲያዩኝ ደንብረው ተመለሱ። ምን ሆነው ነው?" መልስ ሳልሰጠው ቀጠለ። "ደረስሽ? ፈነዳ?"

እኔ ነገር ማለባበስ አልችልም። ያኔም አልችልም ነበር።

"ነቅለውታል፣ አባዬ።"

"ማን?"

"እድሩ። ድንኳን ሊተክሉበት።"

"የማን ድንኳን?"

"ያንተ።"

 ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ። ሳሉ ሲያባራ "ሥሩንስ ትተውታል?" አለኝ። ዞር ብዬ ጥግ ላይ ያለውን ክምር አየሁ። ሥሩ ከላይ ነው፣ በዶማ ለሁለት ተቆርጧል።

"አልተዉትም" አልኩት።

አባቴ ዳነ ባይባልም ቤት ገባ። ጊቢው በሐፍረት ያላመጣው ነገር የለም፦ ብርቱካን፣ ወተት፣ የተጠበሰ ሥጋ። በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል እያሉ ሳቁ፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት አጥሚት እየሠራች ትንበረከክለት ነበር። ማንንም መቆጣት አልተቻለም፣ ሁሉም ያደረገው ለሱ ክብር ብሎ ነው። የተቆረጠውን ሥር መልሼ ቀብሬው ነበር፤ እየጠቆረ በሰበሰ። እሱ በዱላው አፈሩን እየጫረ ጤነኛ ቁራጭ ይፈልግ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ እድሩ ተሰበሰበ። ድሮ ሰው ሲሞት ድንኳን መንገድ ላይ ነበር የሚተከለው፣ ከመኪና ጋር እየተጋፋን። አሁን መሬቱ አንዴ ከተመነጠረ አይቀር ሲሚንቶ ይፍሰስበት ተባለ። የምትደግፉ እጅ አውጡ ሲባል ሁሉም አወጣ። አባቴም አወጣ። ቤት ስንገባ ለምን አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

"ክረምት ላይ ብሞት ጭቃ ውስጥ ልትቀመጪ ነው?" አለኝ።

የሞተውም ክረምት ላይ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት፣ ቤት ውስጥ፣ እጄ ላይ። ዝናብ ውስጥ ወጥቼ ጋሼ በድሩ ሱቅ ሄድኩና አባዬ ሞተ አልኩት፣ እንደዚሁ፣ በቀጥታ። አየኝ።

"እርግጠኛ ነሽ ልጄ?" አለኝ።

ያን ቀን ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ሱቅ የዋልኩ ቀን ማታ ስገባ አሁንም በዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው የማልፈው። ጠዋት ልብስ ይሰጣበታል፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ይቆምበታል፤ ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል። አገሩ ላሉት ዘመዶቹ ደውዬ የዚያን ኮሸሽላ ሥር ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ደጋውን ባሕር ዛፍ ተክለንበታል አሉኝ። ሲፈነዳ በእውን ምን እንደሚመስል አላውቅም። አባቴ ሊያሳየኝ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም አላሳየኝም። እንዲህ ያለ ወሬ ስናገር ሰዎች ሊያጽናኑኝ፣ እሾህ ሥሩ ጠንካራ ነው፣ አንድ ቀን ከስንጥቅ ውስጥ ብቅ ይላል ይሉኛል። በየመስከረሙ ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ። ስንጥቅ የለውም። እድሩ ጥሩ ግንበኛ ነው የቀጠረው።