ብሌን የሌላቸው ፊቶች

የበደለኝ ሰው ዘውዱ ይባላል። ሌላው መምህር ዘውዱ ይለዋል፤ እኔ ዘውዱ ብቻ ነው የምለው። የበደለኝም ባቡሩ ገና ከለገሃር ተነስቶ በአቃቂ በኩል ወደ ድሬዳዋ በሚወርድበት ዘመን፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ነው።

ይህን ሁሉ ዓመት በአፌ አላነሳሁትም። ባለፈው ጾም ግን ልጁ ቤቴ ድረስ መጣች። የምኖረው ቃሊቲ፣ ከጭነት መኪኖቹ ማቆሚያ ጀርባ ነው፤ በሬ ሲንኳኳ አብዛኛውን ጊዜ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ስከፍት አንዲት ጎልማሳ ሴት ሻሽ አስራ ቆማለች።

«እትዬ አስካለ እርስዎ ነዎት?»

«ማን ልበል?»

«የመምህር ዘውዱ ልጅ ነኝ። አባባ በጠና ታመዋል። አስካለን ካላየሁ እያሉ አስቸገሩን።»

«ለምን ፈለገኝ?»

«እሱን አልነገሩንም። ጥሩልኝ ብቻ ነው የሚሉት።»

ግቢ አላልኳትም። አስብበታለሁ ብዬ አድራሻውን ተቀበልኩና በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ተቀምጬ ያሰብኩት ግን ስለ ዘውዱ አልነበረም። ያሰብኩት ስለዚያ ግድግዳ ነው።

ትምህርት ቤታችን ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም ነበር። ተማሪዎቹ የባቡር ሠራተኞችና የፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ናቸው፤ ከገበሬው መንደር የሚመጡም ነበሩ። እነዚህኞቹ ኪሳቸውን በባቄላ እሸት ሞልተው ይመጡና ክፍሉን ሁሉ ልጣጭ በልጣጭ ያደርጉታል። እኔ ትንንሾቹን ፊደልና ሥዕል አስተምራለሁ። የተቀጠርኩት ለሙከራ ነው። ዳይሬክተሩ እስከ ገና ልይሽና ቋሚ ትሆኛለሽ ብሎኛል። ቋሚ ከሆንኩ እናቴን አምጥቼ አብራኝ አኖራታለሁ፣ ከጭቃ ሥራ ትገላገላለች ብዬ ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት።

ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ዓይኑ ያረፈበትን ሰው ይበላል ይባል ነበር። ስለዚህ የእናቴን ሥራ አቃቂ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፤ ለዘውዱ። ሳይንስ ነበር የሚያስተምረው። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ የተጠበሰ በቆሎ ገዝተን በሐዲዱ ዳር ስንሄድ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ታዲያ ምን አለበት? ዘመኑ ሠልጥኗል እኮ» አለኝ፣ በቆሎውን እየፈለፈለ። ደግ ሰው መስሎኝ ነበር።

ሥዕል የማስተምረው በደረጃ ነው። እኔ አንዱን ሰሌዳ ላይ ሳልሠራ ማንም ወደሚቀጥለው አይሄድም። መጀመሪያ እንቁላል፤ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ታች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ለሁለት የሚከፍል ስስ መስመር። ከዚያ በወርዱ መሀል ለመሀል ሌላ መስመር፤ ዓይኖቹ የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው። ልጅ ሁሉ ዓይንን ግንባር ላይ ይሰቅለዋል፤ የለም፣ ዓይን የጭንቅላት እኩሌታ ላይ ነው። ከዚያ አፍንጫ፣ አፍ፣ ጆሮ። ስሱን መስመር የሚያጠፉበት የዳቦ ፍርፋሪ አድላቸዋለሁ፤ ገሚሱ ማጥፊያውን ይበላዋል።

«ቲቸር፣ የምን እንቁላል ነው?»

«የዶሮ።»

«የኛ ዶሮ የምትጥለው ግን ትንንሽ ነው።»

«እንግዲያው የጎረቤታችሁን ሳል።»

እንዲህ እያልን ነበር የምንማረው። የመጨረሻው ደረጃ ብሌን ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያወረሰኝ ቤተ ክርስቲያን የሚሥል አጎቴ ነው። «ብሌን መጨረሻ ላይ» ይላል። «ብሌን ከገባ በኋላ ሥዕሉ ያንቺ አይደለም፤ ያይሻል።»

ያን ዕለት ብሌን ሳይደርሱ ባቡሩ አፏጨ። ባቡሩ ሲያፏጭ የሚያቆማቸው ኃይል የለም፤ ሊያዩ ግር ብለው ወጡ። ሥዕሎቹን ሰብስቤ ግድግዳው ላይ በሊጥ ለጠፍኳቸው፤ አንዱን ረድፍ በቁመቴ ልክ፣ ሌላውን ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ከፍ አድርጌ። ብሌኑን በማግስቱ በከሰል እንዲያስገቡ የከሰሉን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ያ ሁሉ ፊት ባዶ ዓይኑን አፍጥጦ ሲታይ ልብ ይረብሻል። ዘውዱ በበሩ ብቅ አለ።

«የዕውር ማኅበር አቋቋምሽ?»

«ነገ ያያሉ» አልኩት። ሳቀ። በሩን በሽቦ አስሬ ሄድኩ፤ ቁልፍ የለውም ነበር።

ጠዋት ሽቦው እንዳሰርኩት ነው። ከፈትኩት። ሥዕሎቹ ያያሉ።

ሁሉም ብሌን ገብቶላቸዋል። የታችኞቹም የላይኞቹም። ደግሞ ፊት ለፊት አይደለም የሚያዩት፤ የሁሉም ብሌን ወደ አንድ ጥግ ሄዷል፣ በበሩ በኩል ወዳለው አግዳሚ ጫፍ። ልጆቹ ከኋላዬ መጥተው ደፉ ላይ ቆሙ። እንደ ሌላው ቀን አልተጋፉም። አንደኛው ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ ማን ቀሰቀሳቸው?» አለኝ። «ግቡና ተቀመጡ» አልኳቸው።

የአግዳሚው ጫፍ የጽጌ ቦታ ነው። ጽጌ የጋሽ በቀለ ልጅ ናት፤ አባቷ ሐዲድ ጠጋኝ ነው። ከልጆቹ ሁሉ እጇ የሚታዘዝላት እሷ ነበረች። ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፣ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ ፊቷን ክንዷ ላይ ደፋች። የዕቃ ባቡር ሲያልፍ ክፍሉ ይንቀጠቀጣል፤ ወረቀቶቹ ጫፍ ጫፋቸው ተነስቶ ወደቀ፣ እንደሚተነፍስ ሰው። ረፍት ሳይደርስ ጽጌ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። አባቷ መጥቶ በጀርባው አዝሎ ወሰዳት። ወባ ነው አልኩ በልቤ፤ ወንዙ ዳር የሚኖር ልጅ በጥቅምት ወባ የማይዘው የለም።

በረፍት ሰዓት ዘውዱን ግቢው ውስጥ አገኘሁት። የአመልካች ጣቱ ጫፍ ጥቁር ነው፤ ከሰል። ማየቴን አየና እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ቀልዱ የሱ መሆኑ ገባኝ፤ እንዲያውም ነገሩ ቀለለኝ።

በማግስቱ፣ ከትምህርት በኋላ፣ ጋሽ በቀለና ዘውዱ አብረው መጥተው ጠሩኝ። ጋሽ በቀለ ቤት ስንደርስ በሰው ተሞልቷል። ጽጌ ስትቃዥ ማደሯን፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አሽትተው ማን በላሽ ብለው መጠየቃቸውን፣ እሷም «ግድግዳው ላይ ያሉት ያዩኛል፣ የቲቸር ናቸው» ማለቷን ነገሩኝ። ከኋላ አንዲት ሴት «የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት አሉ» ስትል ሰማሁ። ወደ ዘውዱ ዞርኩ። መሬት መሬት ያያል።

የጽጌ እናት እትዬ ወርቄ እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለኝ።

«እንትፍ በይባት» አለችኝ።

ቡዳ የበላውን ሰው የበላው ራሱ ከተፋበት ይለቀዋል ይባላል። የተፋ አመነ ማለት ነው። ያልተፋ ደግሞ ልጅ ገደለ ማለት ነው። መካከል ላይ የሚቆምበት ቦታ የለም።

«እትዬ ወርቄ፣ ወባ ነው። ክሊኒክ እንውሰዳት።»

«ክሊኒኩን አንቺ አትንገሪኝ። እንትፍ በይባት፤ በወለደችሽ።»

«ዘውዱ» አልኩ፣ «እጅህን አሳያቸው።»

ጋሽ በቀለ ዞሮ አየው። «የምን እጅ ነው የምትለው?»

ዘውዱ እጁን ከኪሱ አላወጣም። «ደንግጣ ነው» አላቸው። ከዚያ ለእኔ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ «ምራቅ ነው እኮ አስካለ። ምን ይጎዳሻል? እንትፍ በይና እናትየው ትረፍ።»

ልጅቷን አየኋት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቶ ነጩ ብቻ ይታያል። ተጠጋሁና ግንባሯ ላይ እንትፍ አልኩ።

የጽጌ ቅዠት ቆመ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ተነስታ ተቀመጠች። ውኃ አለች። ከዚያ በቆሎ ስጡኝ አለች።

እልል ያለ የለም፤ ያመሰገነኝም የለም። እናቷ ልጅቷን ስባ ጀርባዋ ሸሸገቻት። እስከ በሩ ድረስ ሰዉ ወዲህና ወዲያ ሸሽቶ አሳለፈኝ፤ ቀሚሴ እንዳይነካው ቀሚሱን የሰበሰበም ነበር። ሳይሻላት ቢቀር ምናልባት ጥቂት ሰው ያዝንልኝ ነበር። ስለ ተሻላት ግን አለቀልኝ። እኔ ራሴ ወደ ቤቴ ስሄድ እውነት ይሆን እያልኩ እጄን አይ ነበር።

በሳምንቱ ወላጆች ልጆቻቸውን ከእኔ ክፍል አስቀሩ። ዳይሬክተሩ ወቅቱ ጥሩ አይደለም አለኝ። ክፍሉን ለዘውዱ ሰጡት። በመስኮቱ ሥር ሳልፍ እንቁላል፣ መስመር፣ መስመር እያለ ሲያስተምራቸው ሰማሁ፤ የእኔን ደረጃ፣ በእኔ ቃል። እኔ ቃሊቲ ሄጄ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ፤ ለአንሶላ አበባ እሥል ነበር። አበባ ዓይን የለውም። እናቴ አብራኝ ሳትኖር፣ ጭቃዋን እንዳቦካች ሞተች። ዘውዱ ዳይሬክተር ሆነ፤ ጡረታ ሲወጣ ጋቢ አለበሱት አሉ።

ልጁ ከመጣች በኋላ ጥቂት ቀን አንገራገርኩ፣ ከዚያ ሚኒባስ ይዤ ሳሪስ አቦ ወጣሁ። ዘውዱ አልጋ ላይ ነው። ከአጥንቱ በቀር የቀረ ነገር የለውም። ልጁን ውጪ አላትና በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

«የታችኛውን ረድፍ ብሌን እኔ ነኝ የሳልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ስትደነግጪ ልስቅ ነበር።»

«እሱም ገብቶኛል።»

«የላይኛውን ግን አልነካሁም፣ አስካለ። ጠረጴዛው ላይ ልወጣ ስል ከኋላዬ ሰው ያለ መሰለኝና ወጣሁ፤ ሽቦውን መልሼ አሰርኩ። እኔ የሳልኳቸው ደግሞ ፊት ለፊት ነበር የሚያዩት። ጠዋት ስገባ ሁሉም ዞረዋል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያኔ ነው ያመንኩት።»

«ሳይንስ አልነበር የምታስተምረው?»

 አንገቱን ከትራሱ ቀና አድርጎ ግንባሩን ወደ እኔ አቀረበ። «እንትፍ በይልኝ» አለኝ። «እባክሽ። ልጅቷን ለቀሻታል።»

ይቅር በይኝ ቢለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እሱ ግን የጠየቀኝ ምራቅ ነው። በዚያች ቤት ያደረጉኝን ነገር፣ በስተርጅናዬ፣ በገዛ ፈቃዴ እንድሆንለት ነው የፈለገው። የላይኛውን ረድፍ እኔ አልሳልኩም። ማን እንደሳለው፣ የታችኞቹንም ማን እንዳዞራቸው አላውቅም። ይህን እዚህ እጽፋለሁ፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም። እንደፈራኝ ይሂድ አልኩ።

ምራቄን ዋጥኩ። «እግዜር ይማርህ» አልኩትና ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ሞተ። ብተፋበት ይተርፍ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቀኝም አልመልስም። ለቅሶውን ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ንፍሮ አቀረቡልኝ። በላሁ።