ከሚፈሩኝ ይሳቁብኝ

ፀሐይ ያሞቀው ጎማ ሽታ ለሌላው ሰው የጋራዥ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን አባቴን ነው የሚያመጣብኝ። ባለፈው ሳምንት ጣሪያው ሥር ተሰቅሎ የኖረውን አሮጌ የብስክሌት ጎማ ሳወርድ ያው ሽታ ተቀበለኝ። አቧራውን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

በደርግ ጊዜ አባቴ ጉለሌ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ላምባ ይሸጣል። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ነበር የሚውለው፤ ዕቃ ለማውረድ እንኳ ከመነሣት እጁን መዘርጋት ይቀለዋል። ቅቤ ያልነካው ምግብ ምግብ አይመስለውም። ክትፎ የቀረበ ቀን ቆጮውን ወደ እኛ እየገፋ ክትፎውን ወደ ራሱ ይስባል። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር በሰልፍ ነበርና ወፍራም ሰው ማየት ደስ ይል ነበር መሰለኝ፣ ሰፈርተኛው ቦርጩን አይቶ "ጋሼ ተመችቷቸዋል" ይላል።

ታላቅ ወንድሙም እንደ እሱ ወፍራም፣ እንደ እሱ ባለሱቅ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ ድፍት እንዳለ ቀረ። ከሐዘኑ በኋላ እናቴ አባቴን እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው።

"ልብዎ ደክሟል" አለው ሐኪሙ። "ቅባት ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ። ሲለምዱት ደግሞ ቀስ ብለው ይሩጡ።"

አባት እንደሚሞት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ባንኮኒው ላይ በክንዱ ተደግፎ ባየሁት ቁጥር ሮጬ ሄጄ አናግረዋለሁ።

እናቴ ቅቤውን ቆልፋ ጎመንና የገብስ ቂንጬ ታቀርብለት ጀመር። እሱም "በግ አደረግሽኝ እኮ፣ ሣር በሣር!" ይላታል።

"በግ በሆንክማ ጥሩ ነበር" ትለዋለች። "በግ ይሮጣል።"

መቼም ነገሩ ከንክኖት ይሆናል፣ ወራት በእግሩ ሲሄድ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ሸራ ጫማውን አጥልቆ ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ሩጫ ጀመረ፤ እኔም ከኋላው ተከተልኩት። ምን ልበልህ፣ ጊዜው ትልቅ ሰው የሚሮጥበት ጊዜ አልነበረም። ትልቅ ሰው ከሮጠ አፈሳ መጥቷል ማለት ነው፤ ልጆች ለጦርነት ሊወሰዱ ነው። ጎረቤታችን የሽንኩርት ነጋዴዋ ልጇን ጎትታ አስገብታ በሯን ቀረቀረች። ሌላውም በር ተከታትሎ ተዘጋ። ጎረምሶቹ አጥር እየዘለሉ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገቡ። አባቴ ሲያለከልክ ዞር ቢል መንገዱ ላይ እሱና እኔ ብቻ ቀርተናል።

የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። "ጋሼ፣ ማነው ያባረረዎት?"

"ማንም። ሐኪም ነው ሩጥ ያለኝ።"

ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየው። "እንግዲያው ቤትዎ ውስጥ ይሩጡ። ሰው አያስበርግጉ።"

አመሻሹ ላይ የሽንኩርት ነጋዴዋ ሱቅ መጣች። "እርስዎ ሲሮጡ ልጄን ሊወስዱብኝ የመጡ መሰለኝ እኮ" አለችው። አባቴ ይቅርታ ጠየቃት፤ ሸራ ጫማውንም አልጋ ሥር ወርውሮ "በቃ፣ ሁለተኛ አልሮጥም" አለ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን አለቀሰች። እኔም የአጎቴ ባንኮኒ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

በማግስቱ ሱቁ ፊት ለፊት ጎማዬን በዱላ እየመታሁ እነዳ ነበር። ሽቅብ እሮጣለሁ፣ ቁልቁል እሮጣለሁ። ቀና ስል አባቴ እኔን ሳይሆን የጎረቤቶቹን በሮች ያያል። አንዱም አልተዘጋም።

"እስቲ፣ አንቺ" አለኝ፤ "ሌላ ጎማ አይገኝም?"

ከጎሚስታው ለምኜ አመጣሁለት። እናቴ "ሰው ምን ይላል?" ብላ ልትከለክለው ሞከረች።

"ከሚፈሩኝ ይሳቁብኝ" አለና ወጣ።

ሳቁም። የሽንኩርት ነጋዴዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቀች፣ ጥበቃው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሳቀ። በር የዘጋ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከአስር ሶላት መልስ ሁልጊዜ እንወጣለን። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች መንገድ እየለቀቁ "በርቱ ጋሼ" ይሉታል፤ ከሸክማቸው የሚወጣው የባሕር ዛፍ ሽታ ተከትሎን ይመጣል።

ዳገቱ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እንረፍ ብለው እምቢ እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ጎማዬን እጥላለሁ። እሱን እያነሣሁ፣ ዱላዬን እየፈለግሁ ስንዛዛ እሱ ዛፍ ተደግፎ ይተነፍሳል።

"ይቺ ጎማሽ መውደቅ አበዛች" ይለኛል።

"አርጅታለች" እለዋለሁ።

ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ ቦርጩ ጠፋ። የሽንኩርት ነጋዴዋ "ምን ነካቸው፣ ከሱ እኮ" ብላ ቅቤ ይዛ መጣች፤ እናቴ አመስግና ተቀበለችና ፀጉሬን ቀባችኝ።

እኔም አደግሁና ቢሮ ገባሁ፤ ወንበር ላይ መዋል የእኔ ተራ ሆነ። አንድ እሑድ እንደ ቀልድ ጎማዎቹን አውርደን ወጣን። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝ፤ አባቴ ፊት ፊቴ እየሮጠ ነበር። ድንገት ጎማው ወደቀበት። ቀስ ብሎ አነሣው፣ አቧራውን ጠረገ፣ ዱላውን ፈለገ።

"አርጅታለች" አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ያን ሁሉ ጊዜ ሲያውቅ ኖሯል።

የልጅ ልጆቹን አቅፎ፣ ሸምግሎ ነው የሞተው፤ አልሐምዱሊላህ። አሁን ደግሞ የእኔም ሐኪም ያንኑ ነግሮኛል። ትናንት ጎማውን ይዤ ወጣሁ። ኮብልስቶኑ ላይ እየዘለለ አስቸገረኝ፤ የሰፈሩ ልጆች ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ጎማዬን ጣልኩት። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ቢሆንም ሳልቸኩል፣ ቀስ ብዬ አነሣሁት።