አባቴ የተረተረው ኮሌታ

አባቴ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ኮሌታውን ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘንተኛውን አቅፎ ሲላቀቅ ኮሌታውን ሳያቃናለት አይቀመጥም። ሃምሳ ዓመት ልብስ ሰፍቷል፤ የሰው ስም ይረሳል፣ የሰፋውን ልብስ ግን አይረሳም። እናቴ «አንተ እኮ ያገባኸኝ ቀሚሴ ተጣሞ ብታይ ነው» ትለዋለች። እሱም አይክድም።

የእናቴ አባት ፖስታ አዳይ ነበር። ከስልሳ ዓመት በፊት የአውራጃችንን ገዥ ገድለሃል ተብሎ ተሰቀለ። ማስረጃው አንድ ካፖርት ነው። ፖሊሶቹ «ግድያው በተፈጸመበት ዕለት ገዥው ከተገደሉበት አዳራሽ አጥር ሥር አገኘነው፣ ኪሱ ውስጥ ጥይት ነበረበት» አሉ። አያቴ «ካፖርቱስ የእኔ ነው፤ ግን ያን ዕለት ገና ልብስ ሰፊው ዘንድ ነበር። ከሳምንት በኋላ ከቤቴ ነው የወሰዳችሁት» ብሎ ተከራከረ። ልብስ ሰፊው ተጠርቶ ፈራና «አላስታውስም» አለ። በቃ፣ አለቀ። አባቴ እስከ ዛሬ ያንን ሰው «የሙያችን ነውር» ይለዋል።

እናቴ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። «የገዳይ ልጅ» የሚለው ስም ትምህርት ቤት ተከተላት፣ ሠርጓ ላይ ሳይቀር ተከተላት። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ካፖርቱ ከፍርድ ቤት መጋዘን ወጥቶ ሙዚየም ገባ፤ «ገዥው በተገደሉበት ዕለት የተገኘ የገዳዩ ካፖርት» የሚል ካርድ ተለጠፈበት። እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሳትሞት ያ ካርድ እንዲነሳ። ከዚያ ሌላ ምንም ጠይቃን አታውቅም።

የካርዱን ነገር በሰማን በነጋታው አባቴ የስፌት መኪናውን ለእኔ ጥሎ ሄዶ ካፖርቱን አየው። ሲመለስ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ «ኮሌታው ውስጥ ያለው ካንቫስ አይደለም» አለን። ኮሌታ የሚያቆመው ካንቫስ፣ ያ ወፍራሙ ጨርቅ፣ ሲያረጅ ይለሰልሳል እንጂ አይሰባበርም፤ ይሄኛው ማጠፊያው ላይ ተሰባብሯል። በዚያ ዘመን ካንቫስ እንደ ልብ ስለማይገኝ ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ የሚያቆሙት ጋዜጣ ደራርበው ነበር። የሚከቱትም አንብበው የጨረሱትን የሰሞኑን ጋዜጣ ነው። «ጋዜጣ ደግሞ ቀን አለው» አለ። «አንድ ጋት ብተረትረው ይበቃኛል።»

አንዷን ጋት ለመተርተር ሦስት ዓመት ፈጀ። የሙዚየሙ ኃላፊ «ቅርስ አይነካም» አሉ። ማመልከቻ ጻፍን፤ ፋይሉ ጠፋ። ደግመን ጻፍን፤ ኮሚቴ ይየው ተባለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። እኔ አንድ ቀን ደም ሥሬ ተገትሮ በሩን አላትሜ ወጣሁ። አባቴ ግን እግሩ እስኪቀጥን ተመላለሰ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እሱ ምላጩን አልዋጠም፣ ድንገት እሺ ካሉት ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር።

ባለፈው ወር እሺ አሉ። ኃላፊው፣ ሁለት ባለሙያዎችና አንድ ፎቶ አንሺ ዙሪያውን ቆመው አባቴ መነጽሩን ወልውሎ ጎንበስ አለ። ክሩን አንድ በአንድ በጠሰና በጥፍሩ ጫፍ የተጣጠፈ ቡናማ ወረቀት ሳበ። ርእሱ በትልቁ «ገዥው ትናንት ተገደሉ» ይላል።

«ይኸው!» አለ አባቴ። «ገዥው ሞተው፣ ዜናው ታትሞ፣ ከዚያ በኋላ ነው ይሄ ካፖርት የተሰፋው። ታዲያ በሞቱበት ዕለት አጥር ሥር ምን ይሠራል?»

ኃላፊው ወረቀቱን በጓንት ተቀብለው ፊታቸው በራ። «አባባ፣ ምን እንዳገኙልን ያውቃሉ? የዚህ ቀን ጋዜጣ አንድም ቅጂ አልተረፈም እኮ!» ብለው እጁን ጨብጠው ወዘወዙት።

«ካርዱስ?»

«እንጨምርበታለን።»

ጨመሩበትም። ትናንት እናቴን ይዘናት ሄድን። ጋዜጣው ተዘርግቶ ከካፖርቱ ጎን ተቀምጧል። ከድሮው ካርድ አንዲት ፊደል አልተነካችም፤ ከበታቹ «በገዳዩ ኮሌታ ውስጥ የተገኘ፣ ስለ ግድያው የወጣ የመጀመሪያው ጋዜጣ» ተብሎ ተጽፏል። አባቴ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ።

አጠገባችን የነበረ አንድ ጎብኚ ለጓደኛው «ጉድ እኮ ነው፣ የገደላቸውን ገዥ ዜና አንገቱ ላይ አሰፍቶ ይዞር ነበር» አለው።

እናቴ ዞረች። «ልጄ፣ እስቲ ላይኛውን አንብበው። አሁን ጋዜጣውን አንብበው። ካፖርቱ አጥር ሥር ተገኘ በተባለበት ቀን ይሄ ጋዜጣ ታትሟል?» ሰውየው ወደ ካርዱ ጎንበስ ብሎ ያነብ ጀመር። እሷ ግን አላቆመችም። አባቷ ፖስታ አዳይ እንደነበር፣ ሰው እንዳልገደለ፣ ካፖርቱን ከቤታቸው ሲወስዱት በሩ ሥር ቆማ እንዳየች ተናገረች። ከሌላው ክፍል ሁሉ ሰው ተሰበሰበ። ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ «እማማ፣ እባክዎ ድምፅዎን ይቀንሱ» አላት።

«ስልሳ ዓመት ቀንሼዋለሁ» አለችው።